አብሽን እንደ ሰው መጠጣት፦ ከቀፊራ ግዢ እስከ ብርጭቆ፣ ለማን ይሆናል ለማን አይሆንም

ፋርማሲ ነው የምሰራው፣ እዚሁ ድሬ፣ እና በብዛት ከምጠየቃቸው ጥያቄዎች አንዱ ስለ መድሃኒት ሳይሆን ስለ አብሽ ነው። ሰውየው መድሃኒቱን ተቀብሎ ብሩን ከፍሎ ሊወጣ ሲል ዞር ይልና "አቦ አንቺ፣ አብሽ ደሞ እየጠጣሁ ነው፣ ከዚህ ጋር ችግር አለው እንዴ?" ይለኛል። ሚጠይቀው ጎበዝ ነው፣ እኔን ሚያሳስበኝ ሳይጠይቅ ሚወጣው ነው። መልሱ ደሞ ቆሞ በአንድ ቃል ሚባል አይደለም፣ እንደየሰዉ ይለያያል፣ አዘገጃጀቱም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው፣ ስለዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ ሚጠይቀኝን ሁሉ ይሄን አንብብ እለዋለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ላይ እንግባባ። አብሽ ቅመም ሆኖ ምግብ ውስጥ ሲገባ፣ ማለቴ ቅቤ ሲነጠር ጣል ሚደረገው፣ ዳቦ ሊጥ ላይ ሚነሰነሰው፣ ሀረር ድግስ ላይ ሁልባት መረቅ ሆኖ ሚቀርበው፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም፣ አለርጂ ካለበት ሰው በቀር ማንም ይብላው። ነገሩ ሚቀየረው በየቀኑ በማንኪያ እየሰፈራችሁ ለስኳር ነው፣ ለወተት ነው፣ ለጨጓራ ነው፣ ለወገብ ነው ብላችሁ መውሰድ ስትጀምሩ ነው። ያኔ መድሃኒት ጀምራችኋል፣ መድሃኒት ደሞ መጠን አለው፣ ከሌላ መድሃኒት ጋር ይጋጫል፣ ጭራሽ ማይፈቀድለት ሰውም አለ።

ግዢው

ፍሬውን ግዙ፣ የተፈጨውን ተዉት። የተፈጨ አብሽ ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ በአይን አይለይም፣ የበቆሎም የሽምብራም ዱቄት ከሱ ጋር ተቀራራቢ ቀለም ነው ያላቸው። ግድ ሆኖ የተፈጨ ከገዛችሁ ቤት ገብታችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ ብርጭቆ ውሃ ላይ ነስንሱና ጥቂት ሰአት ተዉት፣ አብሽ ከሆነ ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል፣ ዝልግልግ ይላል፣ ሌላ ዱቄት የበዛበት ከሆነ ብርጭቆው ስር ጭቅ ብሎ ይቀመጣል። የላብራቶሪ ምርመራ አይደለም ግን ደህና ፍንጭ ይሰጣል።

ድሬ ከሆናችሁ ቀፊራ ገበያ፣ ሀረር ከሆናችሁ ሸዋ በር ገበያ፣ በጠዋት ፀሀይ ሳይበረታ ሂዱ። አዴዎቹ፣ ማለቴ ሻጮቹ እናቶች፣ ጆንያውን ከፍተው በጣሳ ነው ሚሰፍሩላችሁ። እጃችሁን ጆንያው ውስጥ እስከ ክንድ አስገቡና ከስር ያለውን አውጥታችሁ እዩ፣ ከላይ ያለው ሁሌም ያማረ ነው። ጥሩ አብሽ ወርቅማ ቡኒ ነው፣ ፍሬዋ ክብ አይደለችም፣ ማእዘን አላት፣ አንድ ጎኗ ላይ በሰያፍ የገባች ሰረዝ አለች፣ በጥርስ ስትነክሷት ቶሎ እሺ አትልም፣ ስትሰበር ግን ምሬቱም ሽታውም ወዲያው ነው ሚመጣው። ሽታ የሌለው አብሽ ከርሟል ማለት ነው። ጠጠር አይጠፋበትም፣ እሱን ቤት ነው ምትለቅሙት። አንዴ አንዷን አዴ "ጠጠር በዛበት እኮ" ብላት "ያ ልጄ፣ አብሹን ነው የሸጥኩልሽ፣ ጠጠሩ ምርቃት ነው" አለችኝ፣ ምን ይባላል እንግዲህ።

ቤት ስትደርሱ ሰፌድ ላይ ንፉት፣ ልቀሙት፣ ከዛ ቶሎ ብላችሁ እጠቡት። ቶሎ ያልኩት ውሃ ውስጥ ካቆያችሁት መምጠጥ ይጀምርና እርስ በርሱ ይያያዛል። ድሬ ፀሀይ ላይ ጨርቅ አንጥፋችሁ ስታሰጡት ወዲያው ይደርቃል፣ ሀረር ትንሽ ይቆያል። ከዛ ምጣድ ላይ በለሰለሰ እሳት እያገላበጡ ማመስ፣ መልኩ ትንሽ ጠቆር ሊል ሲጀምርና ሽታው ቤቱን ሲሞላው ማውረድ። እዚህ ጋር አትዘናጉ፣ አብሽ ካረረ ምሬቱ በምንም ውሃ አይወጣም። ሳያምሱ ሚፈጩም አሉ፣ ይሆናል፣ ግን የታመሰው ምሬቱም ይቀንሳል ፍሬው ላይ የነበረ ጀርምም ይቀንሳል፣ እኔ አምሼ ነው።

ወፍጮ ቤት ከወሰዳችሁት ከበርበሬ በኋላ እንዳይፈጩላችሁ አይናችሁን ከማሽኑ ላይ አታንሱ፣ አለበለዚያ ሚያቃጥል አብሽ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። አስም ያለበት ሰው ደሞ ወፍጮ ቤት ባይቆም ጥሩ ነው፣ የአብሽ ብናኝ ሲተነፍሱት አስም ሊቀሰቅስ ይችላል፣ ቤትም ስትፈጩ አፍና አፍንጫችሁን በሻሽ ሸፈን አድርጉ። የተፈጨውን ክዳን ባለው ጠርሙስ፣ ደረቅ ቦታ፣ በትንሽ በትንሹ። ፍሬው ብዙ ጊዜ ይቆያል፣ ዱቄቱ ግን ሽታው ቶሎ ይሄዳል።

አዘፋዘፍና አመታት

አንድ ጠፍጠፍ ያለ የሻይ ማንኪያ የአብሽ ዱቄት 3 ግራም አካባቢ ነው፣ የሾርባ ማንኪያው ወደ 10 ግራም ይጠጋል፣ እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ በኋላ እንፈልጋቸዋለን። ለቤተሰብ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፣ ትንሽ ይመስላል ግን ሲያድር ታዩታላችሁ። ሁለት ሶስት ብርጭቆ ውሃ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አድርጉና ዱቄቱን እየነሰነሳችሁ በሹካ አማስሉት፣ ገልብጣችሁ አንዴ ከጨመራችሁት ይጓጉላል፣ ያ ጉብ ጉብ ያለው ነገር ደሞ አይፈታም።

ውሃው ተፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ይሄን ጠበቅ አድርጌ ነው ምለው፣ ምክንያቱም አብሽ ከዚህ በኋላ እሳት አያይም፣ ጥሬ መጠጥ ነው፣ እኛ ጋር ደሞ ውሃው አንዴ ይመጣል አንዴ ይጠፋል፣ በጀሪካን ነው ሚቀመጠው፣ ሀረርማ ባሰ። ተቅማጥ የያዘው ሰው "አብሹ አልተስማማኝም" ይላል፣ አብሹ ላይሆን ይችላል፣ ውሃው ነው። ማፍላት ካልቻላችሁ ውሃ አጋር ሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጠብ አድርጋችሁ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሰአት ጠብቁ።

ትንሽ ሲቆይ ዱቄቱ ይዘቅጣል፣ ከላይ ቢጫ ውሃ ይቀራል፣ እሱ ነው መራራው፣ ቀስ ብላችሁ ድፉት፣ አዲስ ጨምሩ፣ አማስሉ፣ እንደገና ድፉ። ሁለት ሶስቴ እንዲህ ካደረጋችሁ በኋላ ውሃ ጨምራችሁ ክዳን አድርጋችሁ ይደር። ሀረር ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ሚያሳድሩት ብዙ ናቸው፣ ድሬ ግን በተለይ ግንቦትና ሰኔ ላይ ያለ ፍሪጅ ካሳደራችሁት ጠዋት አረፋ አውጥቶ ኮምጠጥ ብሎ ነው ምታገኙት፣ እሱን አትቅመሱት፣ ድፉት። መብራት ሚጠፋባችሁ ሰፈር ከሆነ ማሳደሩን ትታችሁ ቀን ላይ ሶስት አራት ሰአት ዘፍዝፉት፣ ውሃውን ቶሎ ቶሎ ቀይሩለት፣ በቂ ነው።

ጠዋት ከላይ ያለውን ውሃ ድፉና ስሩ ላይ የቀረውን ምቱት። ሚክሰር ካለ ሚክሰር፣ ከሌለ ሹካ። መጀመሪያ ላይ ቢጫ ዝልግልግ ነገር ነው፣ ደስ አይልም፣ እጅ ይደክማል፣ ተዉት ተዉት ይላችኋል፣ አትተዉት፣ ትንሽ ቆይቶ መልኩ መንጣት ይጀምራል፣ መጠኑ ይጨምራል፣ በመጨረሻ ሹካውን ስታነሱት እንደተመታ እንቁላል ነጭ ቁንጮ ይሰራል። ያኔ ደርሷል። ከዛ በንጹህ ውሃ እያቀጠናችሁ፣ ሎሚ ጨምቃችሁበት፣ ማር ምትፈልጉ ማር። ማሩን ከመምታታችሁ በፊት አትጨምሩት፣ አይነሳላችሁም። የመኖቹ ደሞ ጣፋጩን ትተው በቃሪያና በድንብላል ቅጠል መትተው ሳልታ ሚሉት ወጣቸው ላይ ከላይ ይደፉታል፣ እሱን የቀመሰ ሰው አብሽ መጠጥ ብቻ ነው አይልም።

የተመታ አብሽ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ቀን፣ ቢበዛ በማግስቱ ይለቅ። ደረቁን ዱቄት በማንኪያ አፍ ላይ ጣል አድርጎ ውሃ መጎንጨት ሚባለውን ደሞ ከየት እንዳመጣችሁት አላውቅም፣ አታድርጉት። አብሽ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል ብለናል አይደል፣ ጉሮሮ ላይ ሲያብጥ አስቡት፣ በተለይ ትልልቅ ሰዎች፣ ስትሮክ ይዟቸው መዋጥ ሚቸገሩ ሰዎች፣ ለነሱ በጣም አደገኛ ነው።

ሆድ

አብሽ ውስጥ ሩብ ያህሉ ፋይበር ነው፣ ሌላው ሩብ ገደማ ፕሮቲን። ያ ሚዝለገለገው ነገር የሟሚ ፋይበሩ ስራ ነው፣ አንጀት ውስጥ ውሃ ይዞ ሰገራ ያለሰልሳል። የኛ ሀገር ሰው ይሄን ሚፈልግበት ምክንያት ግልጽ ነው፣ ጫቱ። ጫት ሆድ ያደርቃል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ከሰአት በኋላ ቁጭ ተብሎ ከተቃመ በኋላ ማታ ደረቅ ነገር ቀምሶ ይተኛል፣ በሶስተኛው ቀን ፋርማሲ መጥቶ ሚያስቀምጥ ኪኒን ስጡኝ ይላል። ለሱ ሰው አብሽ ከኪኒኑ ይሻለዋል፣ ግን ውሃ ካልጠጣበት ፋይበሩ ራሱ ይደርቅና ጭራሽ ይብስበታል። አንድ ብርጭቆ አብሽ ከጠጣችሁ ቀኑን ሙሉ ውሃ ተከተሉ።

ጀማሪ ከሆናችሁ በቀን በአንዲት የሻይ ማንኪያ ጀምሩ፣ ሳምንት ያህል እዛው ላይ ቆዩ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ብርጭቆ ወፍራም የጠጣ ሰው ሆዱ ይነፋል፣ ይጮሃል፣ ጋዙ ደሞ ለጎረቤትም ይተርፋል።

ጨጓራ ላይ ሲሆን ነገሩ ለየት ይላል። አብሽ ሲጠጡት ለሰስ ያደርጋል፣ ማቃጠሉን ያስታግስላቸዋል ሚሉ ብዙ ናቸው፣ አልከራከራቸውም። ግን ጨጓራ ቁስለት ብዙ ጊዜ ኤች ፓይሎሪ ሚባለው ባክቴሪያ ነው ሚያመጣው፣ እሱን አብሽ አይገድለውም፣ በአንቲባዮቲክ ነው ሚጠፋው። እያስታገሰላችሁ ወራት ካለፈ ተመርመሩ። ሰገራችሁ ጥቁር ሬንጅ ከሆነ ወይም ደም ካስታወካችሁ ብርጭቆውን አስቀምጣችሁ ሆስፒታል፣ በዛው ሰአት።

ስኳር ላለበት ሰው

እዚህ ጋር ረዘም ላድርገው ምክንያቱም ብዙ ሰው ሚሳሳተው እዚህ ነው። አብሽ ስኳር ይቀንሳል ሚባለው ወሬ ብቻ አይደለም፣ እውነት አለው። ፋይበሩ ምግቡ አንጀት ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲፈጭና ስኳሩ ወደ ደም በዝግታ እንዲገባ ያደርጋል፣ ፍሬው ውስጥ ያለ አንድ አሚኖ አሲድም ኢንሱሊን እንዲለቀቅ ይገፋፋል። አይነት 2 ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በቀን ከ5 ግራም እስከ 50 ግራም ሰጥተው ስኳሩ እንደቀነሰ አይተዋል፣ ጥናቶቹ ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ውጤታቸውም እኩል አይደለም፣ ግን ዝም ተብሎ ሚጣል አይደለም። 5 ግራም ማለት ሁለት የሻይ ማንኪያ እንኳን አይሞላም፣ 50 ግራም ደሞ አምስት የሾርባ ማንኪያ ነው፣ ማንም ሰው በየቀኑ አይጠጣውም፣ ባይጠጣውም ይሻላል።

እና ጥሩ ዜናው ራሱ ነው አደጋው። ስኳር ሚቀንስ ኪኒን እየዋጣችሁ ስኳር ሚቀንስ አብሽ ከደረባችሁበት ሁለቱ ተደምረው ከልክ በላይ ሊያወርዱት ይችላሉ። ሜትፎርሚን ብቻ ሚወስድ ሰው ብዙም አያሰጋውም፣ ግሊቤንክላማይድ ሚውጥና ኢንሱሊን ሚወጋ ሰው ግን ይጠንቀቅ። ምልክቱ፦ ቀዝቃዛ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ልብ ድው ድው ማለት፣ ከዛ ግራ መጋባትና መነጫነጭ፣ ካለፈም ራስን መሳት። በማሽን ሲለካ ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል ማለት ነው። ሶስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ላይ በጥብጣችሁ አጠጡት፣ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ እንደገና ለኩ፣ ካልተነሳ ድገሙ፣ ሲነሳ ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አታድርጉ፣ ይታነቃል፣ ይዛችሁት ሩጡ።

አንድ አባት ልጁ ደግፋው እኛ ጋር ገቡ፣ ሸሚዙ በላብ ርሶ ወገቡ ላይ ተጣብቋል፣ አይኑ ይቅበዘበዛል፣ ስሙን ስጠይቀው ይቆጣኛል። ኪኒኑን ውጦ ቁርሱን ሳይበላ አንድ ትልቅ ኩባያ አብሽ ብቻ ጠጥቶ ነው የወጣው። ልጅቷን ለምን ጣፋጭ ነገር አልሰጠሽውም ስላት "እንዴ ስኳር አለበት እኮ" አለችኝ። እሷ ላይ አልፈርድም፣ አብዛኛው ሰው እንደዛ ነው ሚያስበው፣ ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ ወርዶ ሊሞት ይችላል ሚለውን ማንም በደንብ አልነገረንም። አንድ ሚሪንዳ ጠጥቶ ትንሽ ቆይቶ ሰው ሆነ፣ ይቅርታም ጠየቀኝ።

ስለዚህ ስኳር እያለባችሁ መጠጣት ከፈለጋችሁ፦ ለሀኪማችሁ ንገሩ፣ በአንድ የሻይ ማንኪያ ጀምሩ፣ ከምግብ ጋር እንጂ ባዶ ሆድ አይሁን፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ስኳራችሁን ቶሎ ቶሎ ለኩ፣ ማር አትጨምሩበት (በአንድ እጅ እየቀነሱ በሌላው መጨመር ምን ይባላል)፣ ኪኒናችሁን ወይ ኢንሱሊናችሁን በራሳችሁ አታቁሙ። በተለይ አይነት 1 ሆኖ ኢንሱሊኑን ትቶ በአብሽ ልኑር ያለ ሰው በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል፣ ይሄን አጋንኜ አይደለም ምናገረው።

ረመዳን ላይ ደሞ ነገሩ ይጠነክራል፣ ቀኑን ሙሉ ሆዳችሁ ባዶ ነው፣ አፍጥር ላይ አብሽ በየቤቱ አለ፣ መድሃኒቱም አብሮ ይወሰዳል። ጾሙ ሳይገባ አስቀድማችሁ ሀኪም ዘንድ ሄዳችሁ የመድሃኒቱን ሰአትና መጠን አስተካክሉ፣ አፍጥር ላይ ቴምርና ውሃ ይቅደም፣ ምግብ ይግባ፣ አብሹ ከዛ።

እርጉዝና አራስ

እርጉዝ ሴት በማንኪያ እየተሰፈረ ሚጠጣውን አብሽ ትተወው። ቅቤ ውስጥ ያለው፣ ወጥ ውስጥ ያለው ምንም አይደለም፣ መጠጡ ግን ማህፀን ሊያኮማትር ይችላል ተብሎ ይሰጋል፣ ከፍ ባለ መጠን ደሞ ጽንሱን ሊጎዳ እንደሚችል ሚያመላክቱ ነገሮች አሉ። "ምጥ ያቀላል" ብላችሁ በዘጠነኛው ወር ምታጠጡ እናቶች፣ ማህፀን ማኮማተር በራስ ሰአት ሚጀመር ጨዋታ አይደለም፣ ለዛ ነው ሀኪም ቤት በክትትል ሚደረገው።

ከወለደች በኋላስ? አራስ ቤት ስትገቡ ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ አብሹ ተደርድሮ ነው ሚጠብቃችሁ፣ ወተት ያመጣል ይባላል። በጥናት የታየው የተደባለቀ ነው፣ ጨምሯል ሚል አለ፣ ለውጥ የለውም ሚልም አለ። ወተት በእርግጠኝነት ሚያመጣው ህፃኑ ቶሎ ቶሎ መጥባቱ ነው፣ ሌሊትም ጭምር፣ ጡት ባዶ ሲሆን ነው ሰውነት ጨምር ሚባለው። አብሹን ከዛ ላይ ብትጠጣ ችግር የለውም፣ ጤነኛ ከሆነችና መድሃኒት ከሌለባት። ህፃኑ ጋዝ በዛበት፣ ተቅማጥ ያዘው፣ ካለች ግን ቀነስ ታድርግ ወይ ትተወው።

አንድ ማይታወቅ ነገር አለ፣ አብሽ ሚጠጣ ሰው ላቡም ሽንቱም አብሽ አብሽ ይላል፣ እሱን እንኳን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ አውቶብስ ላይ ይታወቃል። ግን እናቲቱ ከጠጣች ህፃኑም ሽንቱ ያንኑ ሽታ ሊያመጣ ይችላል። የዚህ ሽታ ምክንያት ሶቶሎን ሚባል ንጥረ ነገር ነው፣ እና አንድ ከባድና በጣም ብርቅ የሆነ የህፃናት በሽታ አለ የህፃኑ ሽንት በዚሁ ሽታ ሚታወቅ። ስለዚህ ልጃችሁን ሀኪም ሲያየው አብሽ እንደምትጠጡ ንገሩት፣ ያለ ነገር አትደናገጡ፣ እሱንም አታደናግሩት። ሽታ ኖሮ ህፃኑ ደሞ አልጠባም ካለ፣ ከደከመ ወይም ካንቀላፋ ግን "አብሹ ነው" ብላችሁ አትቀመጡ።

ለህፃኑ ራሱ እስከ 6 ወር ከጡት ወተት ውጭ ምንም፣ የአብሽ ውሃም ጭምር። ምግብ ሲጀምር ምጥኑ ውስጥ ትንሽ ቢገባ ደህና ነው። ማር ያለበትን አብሽ ግን አንድ አመት ሳይሞላው በጭራሽ፣ ማር ውስጥ ለህፃን አንጀት አደገኛ የሆነ ጀርም ሊኖር ይችላል።

ማወፈር፣ ጸጉር፣ ቡቃያ

"አብሽ ያወፍራል ወይስ ያከሳል?" ሁለቱንም ጥያቄ በአንድ ቀን እጠየቃለሁ። ፋይበሩ ሆድ ይሞላል፣ ጥጋብ ይሰጣል፣ ስለዚህ አብሽ ብቻውን ማንንም አያወፍርም። ያ ለማወፈር ተብሎ ሚጠጣው አብሽ ግን ከወተት ጋር፣ ከሶስት ማንኪያ ማር ጋር፣ አንዳንዱም ከኦቾሎኒ ቅቤ ጋር ነው፣ ያወፈረህ እሱ ነው ወንድሜ። ዳሌ ያወጣል፣ ጡት ያሳድጋል ሚባለውን ደሞ ገንዘባችሁን ቆጥቡ። ለወንድ ሃይል ሚባለው ላይም በፋብሪካ ተጨምቆ የወጣ ካፕሱል ላይ የተሞከረ ነገር አለ፣ የቤት አብሽ እሱ አይደለም፣ በዚህ ልለፈው።

ጸጉር ላይ መቀባት ማይጎዳ ነገር ነው፣ ተዘፍዝፎ ያደረውን ፍሬ ፈጭታችሁ ቀቡና ግማሽ ሰአት አቆይታችሁ ታጠቡ፣ ጸጉር ያለሰልሳል፣ ያበቅላል ሚለውን ማረጋገጫ አላየሁም። በፊት ግን ክርናችሁ እጥፋት ላይ ትንሽ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ፣ ካሳከካችሁ ተዉት።

አሁን አሁን ደሞ ማብቀል መጥቷል፣ አብሹን በጨርቅ አርጥቦ አብቅሎ ቡቃያውን በጥሬው ሰላጣ ላይ። በ2011 በፈረንጆቹ ጀርመን ውስጥ ኢ ኮላይ ሚባለው ጀርም ወደ 4 ሺህ ሰው አሞ ከ50 በላይ ሰው ገድሏል፣ ሲጣራ ምንጩ ከውጭ የገባ የአብሽ ዘር ቡቃያ ነው ተባለ። ማብቀያው ሙቀትና እርጥበት ነው፣ ጀርምም ሚፈልገው እሱኑ ነው፣ ድሬ ሙቀት ላይማ አስቡት። ቡቃያ ከወደዳችሁ በደንብ አብስሉት።

ማን ይተው

ኦቾሎኒ ወይም ሽምብራ አለርጂ ያለበት ሰው አብሽም ሊነሳበት ይችላል፣ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ከጠጣ በኋላ ከንፈሩ ካበጠ፣ ሰውነቱ ካሳከከ፣ ትንፋሽ ካጠረው ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ዋርፋሪን ሚወስድ ሰው፣ ማለት የልብ ቫልቭ የተቀየረለት ወይም ደም የረጋበት፣ የአብሽ መጠጥ ደሙን ይበልጥ ሊያቀጥንበት ይችላል። ድድ እየደማ፣ ሳይመታ ሰውነቱ ላይ ሰማያዊ እየወጣ ከሆነ ዛሬውኑ ደሙን ያስመርመር። ቀጠሮ የተያዘለት ኦፕሬሽን ያለው ሰውም ከሁለት ሳምንት በፊት መጠጣቱን ያቁም፣ በስኳሩም በመድማቱም ምክንያት።

የቀራችሁት ኪኒን ምትውጡ ሰዎች፣ የደም ግፊትም ይሁን አንቲባዮቲክ፣ አብሹንና ኪኒኑን አንድ ላይ አትጠጡ፣ ያ ዝልግልጉ ኪኒኑን ሸፍኖ ቶሎ ወደ ደም እንዳይገባ ያዘገየዋል። ሁለት ሰአት አራርቁት።

እና ድል ጮራ ሆስፒታልም ሂዱ ህይወት ፋና ሆስፒታልም ሂዱ ወይም ሰፈራችሁ ያለው ክሊኒክ፣ "ምን መድሃኒት ትወስዳለህ?" ስትባሉ አብሹንም ጨምራችሁ ቁጠሩት። ብዙ ሰው ቅመም ስለሆነ አይናገርም፣ አንዳንዱም ሀኪሙ ይስቅብኛል ይላል። "አብሽ እጠጣለሁ" ብቻ ሳይሆን የሻይ ማንኪያ ነው የሾርባ፣ በቀን ስንቴ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ከምግብ በፊት ነው በኋላ፣ እንደዛ ብላችሁ ንገሩት፣ ሀኪሙ ሂሳቡን ሚሰራው በሱ ነው።